ፍሬውም ጥሩ፥ መድኃኒቱም ጥሩ፤ ሁለቱ ሲገናኙስ?

በሀገራችን የታመመን ሰው ባዶ እጅ ሆኖ መጠየቅ እንደ ነውር ይቈጠራል። ዘመድም ሆነ ጎረቤት፥ የሥራ ባልደረባም ሆነ የዕድር ጓደኛ፥ ሕመምተኛ ለመጠየቅ ሲነሣ ብርቱካኑን ወይም ሙዙን ያንጠለጥላል፤ አቅሙ የፈቀደለትም የታሸገ ጭማቂ ይጨምርበታል። ስለዚህ በየሆስፒታሉ ከአልጋው ራስጌ ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ሐኪም ያዘዘው ክኒንና ወዳጅ ያመጣው ፍራፍሬ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይታያሉ። ሁለቱም የመጡት ሕመምተኛውን ለመርዳት ነውና እርስ በርሳቸው ይጣላሉ ብሎ የሚጠረጥር ሰው እምብዛም የለም።

አባቶቻችን ግን «ጠርጥር፥ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ይላሉ። ፍራፍሬ ለጤና መልካም መሆኑን ማንም አይክድም፤ እኛም በዛሬው ጽሑፋችን ፍራፍሬን ለመክሰስ አልተነሣንም። ለመናገር ያሰብነው አንዳንድ ፍራፍሬዎች ከአንዳንድ መድኃኒቶች ጋር በሰውነታችን ውስጥ ሲገናኙ ስለሚሆነው ነገር ነው። ጉዳዩ በጥቂት ቃል ሲገለጥ እንዲህ ነው፤ ሐኪሙ ያዘዘው አንድ ክኒን ነው፤ ሕመምተኛውም የዋጠው አንድ ክኒን ነው፤ ነገር ግን በጠጣው ጭማቂ ምክንያት በደሙ ውስጥ የሚገኘው መድኃኒት የሦስት ክኒን ያህል ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ጊዜም በተቃራኒው የሲሶ ክኒን ያህል ብቻ ሆኖ ይቀራል። የክኒኑ ቍጥር ሳይለወጥ የመድኃኒቱ ልክ ተለወጠ ማለት ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን ይህ ለውጥ ሲደርስ ሐኪሙም ሕመምተኛውም አለማወቃቸው ነው።

«የተከለከለችው ፍሬ»

በዚህ ነገር ስሟ ከሁሉ በፊት የሚነሣው ፍሬ ግሬፕ ፍሩት የምትባለው ናት። ግሬፕ ፍሩት የብርቱካን ዘመድ ስትሆን በመጠን ከብርቱካን ትበልጣለች፤ ጣዕሟም ጣፋጭነትን ከኮምጣጣነትና ከመራራነት ጋር ያስተባበረ ነው። የተወለደችው በካሪቢያን ባሕር ባለችው በባርባዶስ ደሴት፥ በ18ኛው ምእተ ዓመት ነው። ወላጆቿም ከእስያ የመጡት ፖሜሎ የሚባለው ትልቅ ፍሬና ጣፋጩ ብርቱካን ናቸው። ግሪፊዝ ሂዩዝ የተባለ ቄስ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1750 ዓ.ም. ስለ ባርባዶስ ተፈጥሮ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ «የተከለከለች ፍሬ» በሚል ስም ጠቅሷታል። ኋላም የዕፅዋት ሊቃውንት በላቲን ቋንቋ ስም ሲያወጡላት «ሲትረስ ፓራዲሲ» አሏት፤ ይህም ስም ገነትን የሚያስታውስ ነው።

ያን ጊዜ ስለ ክኒን ያሰበ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ከ200 ዓመት በላይ ከቈየ በኋላ ያ የጥንት ስሟ ለአንዳንድ ሕመምተኞች በእርግጥ የሚገባ ሆኖ ተገኘ።

ሳይፈለግ የተገኘ ዕውቀት

ነገሩ የታወቀው በአጋጣሚ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ፥ በካናዳ ሀገር በኦንታሪዮ ክፍል፥ ለንደን በምትባለው ከተማ (የእንግሊዝ ዋና ከተማ ለንደን አይደለችም) ዴቪድ ቤይሊ የተባለ የመድኃኒት ተመራማሪ ነበረ። ሩጫ ለሚወደው አንባቢያችን ይህን እንጨምርለት፤ ይኸው ሰው በወጣትነቱ፥ በ1966 ዓ.ም. እ.ኤ.አ.፥ አንድ ማይል ከአራት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ በመሮጥ የመጀመሪያው ካናዳዊ ነበረ።

ቤይሊና ባልደረቦቹ ሊያውቁ የፈለጉት ፌሎዲፒን የሚባለው የደም ግፊት መድኃኒት ከአልኮል ጋር ሲወሰድ ምን እንደሚሆን ነበር። ለሙከራው የቀረቡት ሰዎች አልኮል ያለበትን ብርጭቆ ከሌለበት እንዳይለዩት ጣዕሙን የሚሸፍን አንድ ነገር አስፈለገ። ለዚህም የግሬፕ ፍሩት ጭማቂ ተመረጠ። ውጤቱ ሲታይ ግን ያልታሰበ ነገር ተገኘ። አልኮል በጠጡትም ባልጠጡትም ሰዎች ደም ውስጥ የተገኘው መድኃኒት ከዚያ በፊት ከሚታወቀው ልክ እጅግ የበለጠ ሆነ። ቤይሊ ነገሩን በራሱ ላይ ሞከረው፤ መድኃኒቱን አንድ ጊዜ በውኃ፥ አንድ ጊዜ በጭማቂው ዋጠ። ጥፋቱ የአልኮሉ ሳይሆን የጭማቂው መሆኑ ተረጋገጠ።

በ1991 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. «ላንሴት» በተባለው የታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ በስድስት ሰዎች የተደረገው ሙከራ ታተመ። መድኃኒቱን በግሬፕ ፍሩት ጭማቂ የወሰዱት ሰዎች በውኃ ሲወስዱት ከነበረው ጋር ሲነጻጸር ወደ ደማቸው የገባው መድኃኒት በአማካይ 284 በመቶ ሆነ። ከሰው ሰውም ልዩነት ነበረ፤ ዝቅተኛው 164፥ ከፍተኛው 469 በመቶ ነበር። በብርቱካን ጭማቂ ሲሞከር ግን ይህ ለውጥ አልታየም።

ከዚህ ቍጥር አንድ ትምህርት እናገኛለን። «ጎረቤቴ ጠጥቶት ምንም አልሆነም» ማለት ለሌላው ሰው ዋስትና ሊሆነው አይችልም። በአንዱ ላይ ጥቂት ለውጥ ያደረገው ብርጭቆ በሌላው ላይ አራት እጥፍ ተኩል ያህል ሊያደርስ ይችላልና።

የአንጀት ኬላ

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? አንባቢያችን ነገሩን በቀላሉ እንዲረዳው የጥንቱን የነጋዴ መንገድ እናስታውስ። ነጋዴው ጭነቱን ይዞ ኬላ ሲደርስ ኬላ ጠባቂው ቀረጡን ያስከፍለዋል፤ የቀረውን ይዞ ወደ ገበያ ያልፋል። አንጀታችንም እንዲሁ ዝም ብሎ የሚያሳልፍ ቦይ አይደለም። በግድግዳው ውስጥ ወደ ደም የሚያልፈውን ባዕድ ነገር እየሰባበሩ የሚቀንሱ ኢንዛይም የሚባሉ ሠራተኞች አሉ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ዋነኛው ሠራተኛ ሊቃውንቱ «ሲዋይፒ 3ኤ4» የሚል ስም የሰጡት ነው። ብዙዎቹ በአፍ የሚዋጡ መድኃኒቶች በዚህ ኬላ ያልፋሉ፤ ቀረጥም ይከፍላሉ። ከአንጀት ቀጥሎም በጉበት ሌላ ኬላ ይጠብቃቸዋል።

መድኃኒት የሚሠሩ ሰዎች ይህን ቀረጥ አስቀድመው ያውቁታል። ስለዚህ ክኒኑን ሲሠሩ በመንገድ ላይ የሚጠፋውን አስበው ይጨምሩበታል። ለምሳሌ ከፌሎዲፒን ከ100 እጅ ወደ ደም የሚደርሰው 15 እጅ ያህል ብቻ ነው። ሐኪሙም የሚያዝዘው ይህንኑ ቈጥሮ ነው። አሁን ኬላ ጠባቂው ከቦታው ታጣ እንበል። 15 እጅ ይደርሳል ተብሎ የታሰበው መድኃኒት ከ40 እጅ በላይ ሆኖ ይገባል። የደም ግፊቱ በልክ እንዲቀንስለት የተፈለገው ሰው ግፊቱ ያለ ልክ ይወርድበታል፤ ራሱን ያዞረዋል፤ ልቡ በፍጥነት ይመታል፤ ተነሥቶ ሲቆምም ሊወድቅ ይችላል።

ግሬፕ ፍሩት የምታደርገው ይህንኑ ነው። በውስጧ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። እነርሱም ከኬላ ጠባቂው ጋር ተጣብቀው ከሥራ ውጭ ያደርጉታል። በ1997 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በታተመ ጥናት፥ ጭማቂውን ለጥቂት ቀናት በጠጡ ሰዎች የትንሹ አንጀት ግድግዳ ውስጥ የዚህ ኢንዛይም መጠን በ62 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ አለ። «ጭማቂውን ጠዋት እጠጣለሁ፥ ክኒኑን ማታ እውጣለሁ፤ ስለዚህ አይገናኙም» ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖራል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ፍሬዋ ኬላ ጠባቂውን ለጊዜው አስተኝታ የምትሄድ ሳትሆን ጨርሳ የምታጠፋው ናት። አንጀት ሌላ ጠባቂ እስኪያበጅ ድረስ በሩ እንደ ተከፈተ ይቈያል፤ ይህም አንድ ቀንና ከዚያም በላይ፥ አንዳንድ ጊዜ እስከ ሦስት ቀን ይወስዳል። ስለዚህ የሰዓት ማራራቅ በቂ መድኅን አይሆንም። ብዙ መጠጣትም አያስፈልግም፤ አንድ ሙሉ ፍሬ ወይም 200 ሚሊ ሊትር ጭማቂ፥ ማለት አንድ ብርጭቆ ያህል፥ ለውጡን ለማምጣት ይበቃል።

በመርፌ በቀጥታ ወደ ደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ግን በአንጀት ኬላ ስለማያልፍ በዚህ መንገድ አይነካም።

የትኞቹ መድኃኒቶች ናቸው?

ቤይሊና ባልደረቦቹ በ2012 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በካናዳ የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ ከግሬፕ ፍሩት ጋር ሊጋጩ የሚችሉ ከ85 በላይ መድኃኒቶች እንዳሉ አስታውቀዋል። ከእነዚህም 43ቱ ከባድ ጉዳት ሊያስከትሉ የሚችሉ ነበሩ፤ ከአራት ዓመት በፊት በ2008 የነዚህ ቍጥር 17 ብቻ ነበር። ቍጥሩ ያደገው አዳዲስ መድኃኒቶች በየጊዜው ወደ ገበያ በመውጣታቸው ነው። ሁሉን መዘርዘር ይህን ገጽ ያጣብበዋልና ለምሳሌ የሚሆኑትን ብቻ እንጥቀስ።

አንደኛው የደም ስብን የሚቀንሰው ሲምቫስታቲን ነው። በ2004 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት አንድ ብርጭቆ የግሬፕ ፍሩት ጭማቂ በየቀኑ ለሦስት ቀን የጠጡ ሰዎች፥ ወደ ደማቸው የገባው ሲምቫስታቲን 3.6 እጥፍ ሆኗል። ይህ መድኃኒት ከልክ ሲያልፍ ጡንቻን ይጐዳል፤ ጕዳቱ ሲበረታም ከፈረሰው ጡንቻ የሚወጣው ነገር ኵላሊትን እስከ መድፈን ይደርሳል። ስለዚህ ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያለ ምክንያት ጡንቻው ቢያመውና ሽንቱ ቢጠቍር ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት።

ሁለተኞቹ ሳይክሎስፖሪንና ታክሮሊመስ ናቸው። እነዚህ የሌላ ሰው ኵላሊት ተተክሎላቸው የሚኖሩ ሰዎች፥ ሰውነታቸው አዲሱን አካል እንዳይቃወም በየቀኑ የሚወስዷቸው ናቸው። በኢትዮጵያ የኵላሊት ንቅለ ተከላ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ስለ ተጀመረ፥ ይህ ነገር ለእኛም የሩቅ ወሬ አይደለም። መድኃኒቱ ሲያንስ የተተከለው ኵላሊት ይጠፋል፤ ሲበዛም ያንኑ ኵላሊት ይመርዛል። በዚህ በጠበበ ድልድይ ላይ የሚሄድ ሰው በአንድ ብርጭቆ ጭማቂ መገፋት የለበትም።

ሦስተኛው ለወባ የሚሰጠው፥ በየጤና ጣቢያው ኮአርተም በሚለው ስም የሚታወቀው፥ የአርቴሜተርና የሉሜፋንትሪን ድብልቅ ነው። በሀገራችን ፋልሲፓረም ለሚባለው የወባ ዓይነት ይህ መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ተመርጦ ሲሰጥ ቈይቷል። በ1999 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት የግሬፕ ፍሩት ጭማቂ በደም ውስጥ የሚገኘውን አርቴሜተር ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ ከፍ አድርጎት ታይቷል፤ የመድኃኒቱም መግለጫ ከዚህ ጭማቂ ጋር ሲሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል ይላል። የሚያስገርመው ግን ይኸው መድኃኒት ያለ ምግብ ሲወሰድ ጥቅሙ የሚጓደል መሆኑ ነው፤ ሉሜፋንትሪን ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን ነው በሚገባ ወደ ደም የሚገባው። ስለዚህ ለወባ በሽተኛ የሚነገረው ቃል «ምንም አትቅመስ» ሳይሆን «ምግብ ብላበት፤ ግሬፕ ፍሩት ግን ተው» የሚል ይሆናል። ጾም የያዘ ሰውም ቢሆን ወጡን ዘይት ጨምሮ መብላቱ ይጠቅመዋል። የትኛው ምግብ የትኛውን መድኃኒት እንደሚረዳ በግምት ሊታወቅ እንደማይችል ከዚህ ይታያል።

ይህን ሲሰማ የደም ግፊት ያለበት አንባቢያችን ሁሉ እንዳይደነግጥ ደግሞ እንንገረው። በአንድ በሽታ ስም የሚሰጡ መድኃኒቶች ሁሉ አንድ አይደሉም። በሀገራችን በብዛት ከሚታዘዙት መካከል ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በዚህ ኬላ የሚቀረጡ አይደሉም። አምሎዲፒንም ከግሬፕ ፍሩት ጋር ሲሞከር ልኩ እምብዛም አልተለወጠም። መጠየቅ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

የተገላቢጦሽም አለ

እስካሁን የነገርናችሁ መድኃኒቱ ከልክ በላይ ስለሚሆንበት መንገድ ነው። አሁን ደግሞ የተቃራኒውን እንመልከት፤ ታሪኩም የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ነው።

ቴርፌናዲን የሚባል የአለርጂ መድኃኒት ነበረ። ይህ መድኃኒት ኬላው ላይ ተለውጦ ካላለፈና ራሱ በደም ውስጥ ከበዛ የልብ ምትን ያዛባ ነበር። ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር በመጋጨቱም በተለይ አደጋ ስላስከተለ፥ በ1998 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከገበያ ወጣ። በምትኩ የመጣው ፌክሶፌናዲን የሚባለው ሲሆን፥ እርሱም ቴርፌናዲን በሰውነት ውስጥ ከተለወጠ በኋላ የሚሆነው ያው ንጥረ ነገር ነው። ስለዚህ የቀድሞው አደጋ ቀረ።

ነገር ግን ለልጁም የራሱ ጠላት ተገኘለት። ፌክሶፌናዲን ወደ ደም የሚገባው በአንጀት ግድግዳ ላይ ያሉ ተሸካሚዎች ይዘው ሲያስገቡት ነው። የፍራፍሬ ጭማቂ ደግሞ ተሸካሚዎቹን ያግዳቸዋል። በ2002 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት መድኃኒቱ ከብዙ የግሬፕ ፍሩት፥ የብርቱካን ወይም የፖም ጭማቂ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የገባው በውኃ ከተወሰደው ከ30 እስከ 40 በመቶ ያህል ብቻ ሆነ። ልብ ይሏል፤ እዚህ ላይ በመጀመሪያው ታሪክ ውስጥ ንጹሕ ሆኖ የተገኘው ብርቱካንም አለበት። የዚህ መድኃኒት ማሸጊያም በውኃ እንዲወሰድ፥ ከፍራፍሬ ጭማቂ ጋር እንዳይወሰድ ያስጠነቅቃል። ይህን ያላነበበ ሰው «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ብሎ ክኒን ይጨምር ይሆናል፤ ችግሩ ያለው ግን በብርጭቆው ውስጥ ነው።

ስለ ሌሎች ፍራፍሬዎች

ከግሬፕ ፍሩት ሌላ ያንኑ ኬላ የሚነኩ ፍሬዎች አሉ። እነርሱም ወላጇ ፖሜሎ፥ ማርመላታ የሚሠራበት ኮምጣጣው የሴቪል ብርቱካን፥ እንዲሁም ላይም የሚባለው ትንሹ አረንጓዴ ሎሚ ናቸው። በየገበያው የምናገኘው ጣፋጭ ብርቱካን ግን ፉራኖኩማሪን የለበትም። ሎሚን በተመለከተ ሰው ሰላጣ ላይ የሚጨምቃት ጥቂት ጠብታና አንድ ሙሉ ብርጭቆ ጭማቂ አንድ እንዳልሆኑ መገንዘብ ያሻል፤ ጥናቶቹ የተደረጉት በሙሉ ፍሬ ወይም በብርጭቆ በተሰፈረ ጭማቂ ነውና።

ሙዝ ደግሞ በሌላ መንገድ ይመጣል። ሙዝ ፖታሲየም የሚባል ማዕድን በብዛት አለበት፤ በአንድ መካከለኛ ሙዝ ውስጥ 400 ሚሊ ግራም ያህል ይገኛል። ለጤነኛ ሰው ይህ መልካም ነው፤ የተረፈውን ኵላሊት ያስወጣለታል። ይሁን እንጂ ኢናላፕሪልን የመሰሉ የደም ግፊት መድኃኒቶችና ስፓይሮኖላክቶን የሚባለው የሚያሸና መድኃኒት ፖታሲየም ከሰውነት እንዳይወጣ ይይዙታል። በዚህ ላይ ኵላሊቱ የደከመ ሰው ሙዝ እያከታተለ ቢበላ፥ የፖታሲየሙ መብዛት የልቡን ምት ሊያዛባው ይችላል። ኵላሊቱ ደኅና የሆነ ሰው ግን አንድ ሙዝ በላሁ ብሎ መሥጋት የለበትም። «ሲበዛ ማርም ይመራል» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ትክክለኛ ቦታውን ያገኛል።

አቮካዶስ? በየጭማቂ ቤቱ የምናዝዘው አቮካዶ ለብዙው ሰው ጥሩ ምግብ ነው። ነገር ግን የደም መርጋትን የሚከለክለው ዋርፋሪን፥ በተለይም የልብ በር ሕመም ላለባቸው የሚሰጠው፥ በምግብ ምክንያት በቀላሉ የሚለዋወጥ መድኃኒት ነው። በዚያው በ1991 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. «ላንሴት» አቮካዶ በብዛት ሲበሉ የዋርፋሪን ኀይል ስለቀነሰባቸው ሁለት ሴቶች የሚናገር አጭር ጽሑፍ አትሟል። ከዚህ የበለጠ የታወቀው ደግሞ የጎመንና የመሳሰለው ቅጠላ ቅጠል ነው፤ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ሥራ ይቃወማልና። ለእነዚህ ሕመምተኞች ሐኪሞች የሚሰጡት ምክር ጎመንን ጨርሶ መተው አይደለም፤ ከሳምንት ሳምንት የሚበሉት መጠን እንዳይለዋወጥ ነው። ስለዚህ ከጾም ወደ ፍስክ፥ ከፍስክ ወደ ጾም ሲዛወሩ ለሐኪማቸው ቢነግሩ መልካም ነው።

ፍሬ መድኃኒትን የሚረዳበት ጊዜም እንዳለ ሳንናገር ብናልፍ ፍርዳችን ይጐድላል። ደም ላነሳቸውና ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው የብረት ክኒን ብርቱካንን ከመሰለ ቫይታሚን ሲ ካለበት ፍሬ ጋር ሲወሰድ አንጀት ብረቱን በተሻለ ሁኔታ ይቀበለዋል። እንቅፋቱ ይልቅ የምንወደው ቡናና ሻይ ነው። ስለዚህ እናቲቱ ክኒኗን ውጣ ወዲያው ቡና ከምትጠጣ፥ ብርቱካኑን በልታ ቡናውን ለሌላ ሰዓት ብታቈየው ይበጃታል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንዳንድ ሰው ይህን አንብቦ «እንግዲያስ መድኃኒቱን ልተወው» ይል ይሆናል። ይህ ከሁሉ የባሰ ስሕተት ነው። የደም ግፊት መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ያቆመ ሰው ከግሬፕ ፍሩት ይልቅ የሚያሠጋውን ነገር በራሱ ላይ ይጠራል። መጋጨት ሲኖር የሚቀረው ፍሬው ነው እንጂ መድኃኒቱ አይደለም፤ ፍሬውን መተው የማይፈልግ ሰው ካለም ሐኪሙ የማይጋጭ ሌላ መድኃኒት ሊመርጥለት ይችላል። ለዚህ ግን ሐኪሙ ማወቅ አለበት።

ችግሩም ያለው እዚህ ላይ ነው። ሕመምተኛው የሚበላውንና የሚጠጣውን ለሐኪም መንገር እንደ ቁም ነገር አይቈጥረውም፤ አንዳንዱም ያፍራል። ከሐኪሙ በኩል ደግሞ ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነውና ጊዜ ያጥረዋል። በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ወረቀቱ ይሰጣል፥ ገንዘቡ ይከፈላል፥ «አንድ ጠዋት፥ አንድ ማታ» ይባላል፤ ነገሩ በዚሁ ያልቃል። በማሸጊያው ውስጥ ያለው መግለጫም ብዙ ጊዜ በባዕድ ቋንቋና በጥቃቅን ፊደል የተጻፈ ስለ ሆነ፥ የሚያስጠነቅቀው ቃል ተጣጥፎ እንደ ተቀመጠ ከሣጥኑ ጋር ይጣላል።

ይህን ለማቃናት ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው አንድ ደቂቃ ነው። በእኛ አስተያየት ከሁለቱም ወገን የሚጠበቅ ነገር አለ። መድኃኒት የሚሰጠው ባለሙያ «በቀን ስንት ጊዜ» ብሎ እንደሚናገር ሁሉ «ከምን ጋር፥ ያለ ምንስ» ብሎ ቢጨምር ምክሩ ሙሉ ይሆናል። ሕመምተኛው ደግሞ አዲስ መድኃኒት በታዘዘለት ጊዜ አራት ነገር ይጠይቅ። ይህን መድኃኒት ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ የምወስደው? ከእርሱ ጋር የማልበላው ፍሬ ወይም የማልጠጣው ነገር አለ? ከምወስዳቸው ሌሎች መድኃኒቶች ጋር ይስማማል? ምን ምልክት ባይብኝ ነው ተመልሼ የምመጣው? ያልተማሩ እናትና አባት ያሏቸው ወጣቶችም ወላጆቻቸውን ተከትለው ወደ መድኃኒት ቤት ቢሄዱና በእነርሱ ፈንታ ቢጠይቁ፥ መግለጫውንም ቢያነቡላቸው፥ ትምህርታቸው ከቤት ጀምሮ ፍሬ ሰጠ ማለት ነው።

ለጠያቂ ወዳጅም አንድ ቃል አለን። ፍራፍሬ ይዞ መሄዱን አይተው፤ ግን ከመግዛቱ በፊት አስታማሚውን «ምን ይብላ ተባለ?» ብሎ ቢጠይቅ ስጦታው የበለጠ ስጦታ ይሆናል።

እስከዚያው ድረስ ለሁሉም የሚስማማ አንድ ቀላል ሕግ አለ፤ ሐኪም ሌላ ካላዘዘ በቀር ክኒን የሚዋጠው በንጹሕ ውኃ ነው። ውኃ ከኬላ ጠባቂውም ከተሸካሚውም ጋር ጠብ የለውም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ለዛሬው ዘመን ሕመምተኛ ደግሞ ምግቡንም አለመደበቅ ያስፈልገዋል። ሐኪም የሚያዝዘው በሚያውቀው ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ያልተነገረውን ብርጭቆ ሊቈጥረው አይችልም። እንግዲህ ነገ በመድኃኒት ቤቱ መስኮት የሚቆመው አንባቢያችን ክኒኑን ተቀብሎ ከመመለሱ በፊት «ከዚህ ጋር የማልበላው ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ።